ጀፎረው ላይ የወጠርኩት ሲባጎ

«ሁለት እርምጃ ነው፣ ጋሼ! ሁለት እርምጃ ብቻ!»

«በማን እርምጃ?» አለ አባቴ።

አጎቴ ተነሳና ከሶፋው እግር እስከ ቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ድረስ ሁለት ጊዜ ተራመደ። ጫማውን በር ላይ ስላወለቀ በካልሲ ነው፤ ያም ሆኖ ወለሉ ድም ድም አለ።

«ይኸው። ይቺ ናት። ለዚች ብለህ ነው ወንድምህን የምታሳፍረው?»

«ሳሎናችን እኮ አለቀ» አለች እናቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ። «ሁለት ጊዜ ብትራመድ ቤቱ በሙሉ አለቀ። ይሄንን ነው ትንሽ የምትለው?»

እኔ ሳቄን በሻይ ብርጭቆ ሸፈንኩ። አባቴ ግን አልሳቀም።

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ጀሞ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ላፍቶ ውስጥ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ አለው፤ መኪና አለው፤ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰማው የቁልፉ ድምፅ ነው። አባቴ ደግሞ ሀና ማርያም አካባቢ ጠባብ የብየዳ ቤት አለው፤ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። የሚጨቃጨቁት አያቴ አገር ቤት፣ ጉራጌ ውስጥ፣ ትተውላቸው ስለሄዱት ግቢ ነው። አጎቴ እዚያ የብሎኬት ቤት ሊሠራ፣ ዙሪያውን በግንብ ሊያጥር ተነስቷል። ግንበኞቹ ሰኞ ይጀምራሉ። የቀረው የአባቴ ቃል ብቻ ነው።

በእኛ ዘንድ ታናሽ በአባት ግቢ ላይ ሲገነባ ታላቁ «ጀምር» ማለት አለበት። ፊርማ የለውም፣ ማኅተም የለውም። ግን ያ ቃል ካልተሰማ ከመንደሩ አንድ ሰው ድንጋይ አያቀብልም፣ ውኃ ቀድቶ አያመጣም። አጎቴ ከተማ ውስጥ ለብዙ ነገር ወረቀት አስጨርሷል፤ ይቺን አንዲት ቃል ግን ከአባቴ አፍ በቀር የሚያገኝበት ቦታ የለም። አባቴም ቃሉን የያዘበት ምክንያት አንድ ነው። አዲሱ ግንብ ሁለት እርምጃ ያህል ጀፎረው ላይ ይወጣል።

ጀፎረ የመንደሩ መሃል ላይ የተዘረጋ ሰፊ፣ ሳር የለበሰ መንገድ ነው። መንገድ ማለት እንኳን ያንሰዋል። ቤቶቹ ሁሉ ከግራና ከቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አድርገው ቆመዋል፤ ከጀርባቸው እንሰቱ ነው። ሠርግ እዚያ ይታጀባል፣ ሬሳ እዚያ ያርፋል፣ የመስቀል ደመራ እዚያ ይቆማል፣ ሽማግሌዎች እዚያ ይዳኛሉ፣ ጥጃ እዚያ ይግጣል። የማንም ስላልሆነ ማንም አይነካውም። እኔ ባደግኩበት ከተማ የማንም ያልሆነ ነገር ቀድሞ የደረሰው ሰው ንብረት ነው። ለዚህ ነው ያንን መንገድ ባየሁት ቁጥር ደረቴ የሚነፋው፤ ያለ ዘበኛና ያለ ሰንሰለት፣ ስንት ትውልድ እጁን ሰብስቦ ያቆየው ሳር ነው።

እዚያ ሳር ላይ ችካል የመታሁት ግን እኔ ነኝ። በጭቅጭቁ ሁሉ አንገቴን ደፍቼ የተቀመጥኩት ለዚህ ነበር።

ነገሩ የሆነው በመስቀል ነው። አባቴ የአንድ ትምህርት ቤት የመስኮት ሥራ ስለያዘ ዘንድሮ ሳይሄድ ቀረ፤ በእሱ ቦታ እኔ ከአጎቴ ጋር በመኪናው ሄድኩ። ከጀሞ ወጥተን በዓለም ገና፣ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎ፣ በወሊሶ አልፈን ወልቂጤ እስክንደርስ አጎቴ አፉን አልዘጋም። ስንት ክፍል እንደሚኖረው፣ መጸዳጃው ውስጥ ምን ዓይነት ሴራሚክ እንደሚያስነጥፍ፣ መኪናው በየት ገብቶ በየት እንደሚዞር፤ አንድም ነገር አላስቀረም። በመሃል ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ደግሞ በረንዳው ላይ ተቀምጠህ ትጽፋለህ» አለኝ። «የመጀመሪያውን መጽሐፍህን እኔ ነኝ የማሳትመው። አለቀ። ማተሚያ ቤቱን ራሴ አናግራለሁ።»

ይህ ለእኔ ተራ ነገር አልነበረም። ግጥም ማንም አላስተማረኝም። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ትቼ ከአባቴ ጋር ብረት ስቆርጥ፣ በእረፍት ሰዓት ዕቃ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር እያነበብኩ፣ ሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ ላይ እየጻፍኩ ነው የተማርኩት። አልጋዬ ሥር በፌስታል የታሰሩ ደብተሮች አሉ። መጽሐፍ ይሆናሉ ብሎ ጮክ ብሎ የተናገረ የመጀመሪያው ሰው አጎቴ ነው። ከወሊሶ እስከ ወልቂጤ ርዕስ ስመርጥ ሄድኩ።

አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር አጎቴ መስኮቱን ዝቅ አደረገና ድንገት ዝም አለ።

«ሸተተህ?» አለኝ ቆይቶ።

«ምኑ?»

«እንሰቱ ነዋ! አይ ያንተ ነገር፣ አፍንጫህም የጀሞ ሆኗል።» ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረግ አደረገ። ስለ እሱ ክፉ የሚመስል ነገር ስጽፍ ያችን ጠረጋ አልረሳትም።

ግቢውን የምትጠብቀው የሁለቱ እህት፣ አክስቴ ናት። በመጣን ማግስት እጄን ይዛ እንሰቱን አስጎበኘችኝ። ለእኔ ሁሉም ትልልቅ ቅጠል ነው፤ ለእሷ እያንዳንዱ ታሪክ አለው። «የዚችን እናት የተከሉት አያትህ ናቸው። ያቺ አባትህ ሚስት ሊያገባ ሲል የተተከለችው ዘር ናት። ጀሞ ነው የሚኖረው ትላላችሁ፤ ሀብቱ ግን ይኸው እዚህ ቆሟል።» ከዚያ ጫፍ ላይ አንዷን በመዳፏ መታ መታ አደረገቻት። «ይቺ ያንተ ናት። ስትወለድ ተከልኳት፣ ሦስቴ ተበላች፣ ሦስቴ ከዘሯ መለስኳት።»

አዲስ አበባ ውስጥ በስሜ የተመዘገበ ነገር ቢኖር ሲም ካርዴ ነው። እዚህ ግን ሳላውቀው ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ንብረት ነበረኝ፤ ያውም የሚበላ። ቅጠሏን ይዤ ፎቶ ተነሳሁ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አጎቴ አንድ ጥቅል ሲባጎና አሥራ አንድ ችካል ሰጠኝ። «የፊት ለፊቱን አጥር መስመር አንተ አውጣልኝ» አለ። «አባትህ ብረት ሲለካ እያየህ ነው ያደግከው። ካንተ የተሻለ ማን አለ?»

ይህንን ሲለኝ ኩራት ተሰማኝ። የድሮው አጥር እንጨት ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ መሃሉ ላይ ልጅ እንዳቀፈ ክንድ ወደ ግቢው ገባ ይላል። አላዋቂ የሠራው መሰለኝ። አንዱን ችካል በዚህ ጥግ፣ ሌላውን በዚያ ጥግ መታሁና ሲባጎውን ሳብኩት።

አክስቴ ከደጃፍ ሆና አየችኝ። «አላላው፣ ልጄ» አለች። «በጀፎረ በኩል ሲባጎ አይወጠርም። ሳሩ ላይ ጣል አድርገው፤ የድሮውን ተከትሎ ይሂድ።»

ሳቅሁባት። «የላላ ሲባጎ ምን ያደርጋል፣ አክስቴ? ልብስ ሊሰጣበት ነው?»

«ወጥረው!» አለ አጎቴ ከኋላዬ። «ጎበዝ! እንደሱ ነው!»

ወጠርኩት። በጣቴ ስነካው እንደ ክራር እስኪጮህ ወጠርኩት። ከዚያ የቀሩትን ዘጠኝ ችካሎች አንድ በአንድ ደረደርኩ። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ መስመር በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። በስልኬ አንስቼ ለአባቴ ላክሁለትና «እንዴት ነው?» ብዬ ጻፍኩ። አልመለሰልኝም። ብየዳ ላይ ነው ብዬ ተውኩት።

ገና ችካሎቹን እየተመለከትኩ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው በጀፎረው መጡ። ሲባጎው ከቁርጭምጭሚት ከፍ አይልም፤ እግራቸውን አንስተው ቢሻገሩት ይችሉ ነበር። ቆሙ። መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይናቸው ሄዱበት። ከዚያ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለውኝ፣ አሥራ አንዱን ችካል በሙሉ በዝግታ ዞረው፣ በወዲያኛው ጠርዝ በኩል አለፉ። እኔ ደግሞ ምን ዓይነት ጨዋነት ነው ብዬ ተደነቅሁ። የሰው ሥራ ላይ መራመድ የማይወድ ሽማግሌ! ማታ አራት ስንኝ ጻፍኩላቸው። አሁን ያችን ገጽ ቀድጃታለሁ።

ከተመለስን በኋላ አክስቴ ለአባቴ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር እኛም ሰማን። «ማንም ክፉ አልተናገረኝም» አለች። «ሰላምታም አልነፈጉኝም። ግን በኛ ደጅ ማለፍ ትተዋል። ሁሉም በወዲያኛው ጠርዝ ነው የሚያልፉት። ልጆቹ እንኳን። ከብቱን ሳይቀር ወደዚያ ነው የሚነዱት።» ከዚያ ሳትሰናበት ስልኩን ዘጋች። ያቺ ሴት ባሏን በቀበረችበት ሳምንት እንኳን ሳትሰናበት ዘግታ አታውቅም ይላል አባቴ።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ አጎቴ ቃሉን ሊቀበል ሲመጣ አባቴ ሻይ አስቀዳለትና «አይሆንም» አለው። ጭቅጭቁ ከዚያ ተነሳ።

«እሺ» አለ አጎቴ፣ ከቴሌቪዥኑ ወደ ሶፋው ተመልሶ ሳይቀመጥ። «እሺ፣ ጀፎረ ነው እንበል። መጀመሪያ የማን ነበር? ያ ቦታ የአባታችን አልነበረም? አጥሩን ወደ ውስጥ የሳበው ራሱ አይደለም? እኔ እኮ ከሰው አልወሰድኩም። የአባቴን መሬት ነው የምመልሰው!»

ይህንን አላውቅም ነበር። አባቴን አየሁት።

«እውነቱን ነው» አለኝ አባቴ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን አናገረኝ። «ፊት ለፊታችን ያለው ቤት ሐዘን ላይ ነበር። እኔ ልጅ ነኝ። ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ቆሞ አያትህ ከግቢያችን ሆነው አዩት። የእኛ ዛፍ ጥላ ሁሉ ከአጥር ወዲህ ነው። በማግስቱ የአጥሩን መሃል ነቀሉና ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ መለሱት። ጥላውን ለጀፎረው ሰጡ። እኔና እሱ ነን እንጨቱን የተሸከምነው።» በአገጩ ወደ አጎቴ አመለከተ። «ከሁለታችን ያለቀሰው እሱ ነው፣ እሾህ ወግቶት።»

«ታዲያ!» አለ አጎቴ። «መሰከርክ! የኛ ነበር!»

«ነበር።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው?»

«ሰጡት። ሰጥተው ሞቱ። አንተ አሁን የሞተ ሰው እጅ ፈልቅቀህ መልስ ልትል ነው?»

የአጎቴ ድምፅ ከፍ አለ። «ወጥተህ ኮሪደሩን እይ እስቲ! እዚሁ ፎቅህ ላይ! ሦስቱም ጎረቤትህ የየደጁን ኮሪደር በፍርግርግ አጥሮ ምድጃና ጫማ ደርድሮበታል። አንተ ብቻ ነህ ደጅህን ከፍተህ የሌላውን ብስክሌት የምትጠብቅ!»

በዚህ ላይ አልዋሸም። ከሦስቱ አንደኛዋ ፍርግርጉን ራሱ አባቴ እንዲሠራላት ለምናው ነበር። «ለመስኮትሽ ከሆነ ነገ አደርስልሻለሁ፤ መተላለፊያ ግን አላጥርም» አላት። ሥራውን ሌላ በያጅ ወሰደው። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ሞኝ መሰለኝ። ዛሬ ግን ከደረጃው እስከ በራችን ባለችው ክፍት ቦታ ልጆች ኳስ ስለሚያንከባልሉባት የእኛ ቤት የቱ እንደሆነ ለእንግዳ ስናገር ቁጥር አልጠራም። ልጆች የሚጫወቱበት በር ነው እላለሁ።

«አይቼዋለሁ» አለ አባቴ። «በየቀኑ ነው የማየው።»

«ከእኔ ሲወሰድስ?» አለ አጎቴ። አሁን ድምፁ ሌላ ሆነ። «መንገዱ ሲሰፋ የሱቄ ፊት ሲሄድ ማን ነው እንደዚህ የተከራከረልኝ? ሃያ ዓመት የቆምኩበት በረንዳ በአንድ ጠዋት አፈር ሆነ። ሁልጊዜ መንገድ ነው ከኔ የሚወስደው፣ ጋሼ። አንድ ቀን እኔ ከመንገድ ብወስድ ምን አለበት?»

እናቴ ከወጥ ቤቱ በር ተነስታ አጠገቡ መጥታ ቆመች። የዚያን ጠዋት ፍርስራሽ አባቴ፣ እኔና እናቴ ሦስት ቀን አብረን አንስተናል።

«አውቃለሁ» አለ አባቴ። «ያኔም አሳዝኖኛል፣ አሁንም ያሳዝነኛል። ግን የላፍቶን መንገድ የአገር ቤቱ ጀፎረ እንዲከፍልህ አታድርግ። እሱ ምንም አልወሰደብህም። ቤትህን ሥራ። ከአሮጌው አጥር ጀርባ አሥር ክፍል ሥራ፤ አሁኑኑ ጀምር እልሃለሁ።»

«መኪናው የት ይዙር?»

«በጀፎረው ይዙር። ጀፎረው ላይ ማን ከለከለህ?»

እናቴ ፈገግ አለች። አጎቴ ግን ግንባሩ ተቋጠረ። «ቃልህን ሰጠኸኝም አልሰጠኸኝም ሰኞ እጀምራለሁ። መስመሩ ወጥቷል። ችካሉ ተመቷል። ይኸው፣ የመታው ልጅህ ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «አይደለም እንዴ፣ ገጣሚው?»

አባቴ አየኝ። «ሲባጎውን ወጥረኸው ነበር?»

«አዎ።»

«ማንም አልነገረህም?»

«አክስቴ ነግራኛለች። ሳቅሁባት።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወንድሙን አየ፤ እኔም አየሁት፤ በዚያች ቅጽበት ነው የገባኝ። አጎቴ እዚያ ሳር ላይ ነው ያደገው። በጀፎረ በኩል ሲባጎ እንደማይወጠር ከእኔም ከማንም በላይ ያውቃል። ለአካባቢው ልጅ ቢሰጠው ማንም እሺ አይለውም ነበር። የማያውቅ እጅ ፈልጎ ነው ከጀሞ ድረስ ጭኖ የወሰደኝ።

እሱም እንደገባኝ አየ መሰለኝ፤ ዓይኑን ወደ ሻዩ መለሰና ተቀመጠ።

ተነሳሁ። ጫማዬ በሩ ሥር ከእሱ ጫማ ጎን ነበር። አንዱን አጠለቅሁ።

«ወዴት ነው?» አለ አጎቴ።

«አገር ቤት። አሁን ከወጣሁ በጊዜ እደርሳለሁ። ችካሎቹን ልነቅል ነው።»

«ማን አዞህ?»

«የመታኋቸው እኔ ነኝ፣ አጎቴ። አሥራ አንዱንም።»

«አንዷን ብትነካ» አለ፣ «መጽሐፍ የምትለውን ነገር እርሳው። ሌላ አሳታሚ ፈልግ። ሰምተሃል?»

ሰምቻለሁ። አልዋሽም፣ እጄ ማሰሪያው ላይ ቆመ። አልጋዬ ሥር ያሉት ደብተሮች ታዩኝ፤ የመረጥኩት ርዕስ ታየኝ፤ ከሌላ ማንም ሰው እንደዚያ ያለ ቃል እንደማልሰማ አውቃለሁ። ከዚያ አክስቴ ታየችኝ፣ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ በወዲያኛው ጠርዝ የሚሄዱ ጎረቤቶቿን ስትቆጥር። ሁለተኛውን ጫማ አሰርኩ።

እናቴ ከወጥ ቤት በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ አምጥታ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተች። «ለአክስትህ ነገ በደጅሽ ያልፋሉ በላት» አለችኝ።

አባቴ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ግን እኔን የሚያየው ደንበኛ ፊት የጨረሰውን በር እንደሚያይ ነበር፤ አንድ እንከን ፈልጎ ሲያጣ እንደሚያይ።

«ስትነቅል ጉድጓዶቹን እንደዚያው እንዳትተዋቸው» አለኝ። «አፈር ሙላባቸውና ሳሩን መልሰህ ክደንበት። ጥጃ እግሩን ይሰብራል።»

«እሺ።»

«ሰው ሲያልፍ ደግሞ እንዳትደበቅ። ማን እንደመታው እስኪጠይቁህ አትጠብቅ፤ ቀድመህ ተናገር።»

«እሺ፣ አባዬ።»

በሩን ከፈትኩ። ኮሪደሩ ላይ ፀሐይ ገብቷል፤ የጎረቤት ልጅ ብስክሌት ደጃችን ላይ ተደግፏል።

«ሲባጎውን እንዳትጥለው» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። አጎቴ ነው፤ ወደ እኔ ሳያይ፣ ቅድም በካልሲው የለካት ወለል ላይ እግሩን ዘርግቶ። «ጠቅልለህ አምጣልኝ።»

ወጣሁ። በሩን አባቴ ራሱ ነው የበየደው፤ የሱ በር ሲዘጋ አይጮህም ይላሉ ደንበኞቹ። ደረጃው ላይ ስደርስ በሩ ከኋላዬ ቀስ ብሎ ዞረ፤ ቀጭ ብሎም ተዘጋ።